ታየች ስትሮጥ

መምህርት ታየች ሐብተ ማርያምን የጎንደር ተማሪዎች በፊሽካዋ ነው የሚያውቋት። የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ናት፤ ሜዳው ዳር ቆማ ፊሽካዋን ስትነፋ እግሯ የማይነሣ ልጃገረድ የለችም። እሷ ራሷ ግን ሰፈር ውስጥ ስትሮጥ ከተማሪዎቿ ያያት የለም። ዝናብ ቢያገኛት እንኳ አትሮጥም፤ ቀስ ብላ እየረገጠች፣ በስብሳ ቤቷ ትገባለች። ተማሪዎቿ ኩራት ይመስላቸዋል። ኩራት መሆን አለመሆኑን እስቲ ልንገራችሁ።

ጣሊያን ከወጣ ሀያ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው፣ በዚያን ዘመን በእኛ ሰፈር ሴት አትሮጥም ነበር። ጉልበት አጥታ እንዳይመስላችሁ! ከቀሃ ወንዝ እንስራ አዝላ ያንን ዳገት የምትወጣው ማን ሆነና? የወፍጮውን መጅ ስትገፋ ውላ ስትገፋ የምታመሸው ማን ሆነና? ያ ግን ጉልበት አይባልም፤ ሴትነት ነው የሚባለው። ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መንገድ ለመንገድ ከሮጠች ነገሩ አንድ ብቻ ነው፤ ሰው ሞቷል፣ መርዶ ይዛለች። ያያት ሁሉ ከደጁ ብቅ ብሎ «የማን ነው?» ይላል፤ ስሙን ሰምቶ ያለቅሳል።

ታየች የድጓ መምህሩ የመሪጌታ ሐብተ ማርያም ልጅ ናት። ትምህርት ቤት ሳለች ሰብለ ወንጌል የምትባል አስተማሪ ከአዲስ አበባ መጣችና ልጃገረዶቹን ሜዳ ላይ አሰልፋ «ሩጡ!» አለቻቸው። ታየች ሁሉንም ጥላቸው ሄደች። «ለጠቅላይ ግዛቱ ውድድር የምትሮጪልን አንቺ ነሽ፤ ጠዋት ጠዋት ተለማመጂ» ብትላት ልጅቱ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። የሰፈሩ ሴቶች ይህን ሰምተው ሳቁ። «ሰውነት ማጎልመሻ? ምነው፣ ወፍጮው ጠፋ?»

በመጀመሪያው ቀን ጎህ ሲቀድ ሸራ ጫማዋን አጠለቀች፣ ነጠላዋን እንዳያደናቅፋት ወገቧ ላይ ጠመጠመችና በወለቃ መንገድ ሮጠች። ጎረቤታቸው አበቡ ከኪዳን ስትመለስ ደጇ ላይ አየቻትና ደረቷን ያዘች።

«ኧረ ልጄ፣ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም እትዬ አበቡ! ለስፖርት ነው!» ታየች እየሳቀች አለፈች።

በዚያው ቀን ከአርማጭሆ ሰው መጣ። የአበቡ ወንድም ሞቷል።

ይሁን፣ አጋጣሚ ነው ተባለ። በሌላ ቀን ደግሞ የጫማዋ ማሰሪያ ተፈታና አያ ክንዱ ደጅ ላይ ጎንበስ ብላ አሰረች። ሽማግሌው በማግስቱ አረፉ። ክረምቱን ሙሉ ታመው መክረማቸውን ማን ያንሣው! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «እግረ ደረቅ ናት፤ ሞትን ከኋላዋ ታስከትላለች» ተባለ።

ከዚያ ወዲያ ታየች ስትሮጥ በር ይዘጋ ጀመር። ገና ሳትደርስ መቀርቀሪያው ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ይሰማታል። እናቶች ልጆቻቸውን ጎትተው ያስገባሉ። ውሻ እንኳ አይጮኽባትም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የራሷን ኮቴ ትሰማለች፤ ከእሷ ኮቴ ኋላ ደግሞ የሌላ ኮቴ አለ። ስትቆም ያኛው አንድ እርምጃ ጨምሮ ይቆማል። ዞር ብትል ማንም የለም።

ለሰው ያልነገረችው ግን ከዚህ ይብሳል። አንዳንድ ደጅ ስትደርስ እግሯ ሳታዘው ይከብዳል፣ ጭቃ እንደያዘው ይዘገያል። አበቡ ደጅ እንዲህ ሆኖ ነበር። አያ ክንዱ ደጅም ማሰሪያው የተፈታው በኋላ ነው፤ መጀመሪያ የቆመው እግሯ ነው። ልጅቱ ራሷን ፈራች።

ወሬው መሪጌታ ጆሮ ገባ። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ዋና ገብታ! ትምህርቱ ይብቃት» አሉ። «አንድ የሳንጃ ሰሊጥ ነጋዴ ሽማግሌ ልኮብኛል። ከፋሲካ በኋላ እድራታለሁ፤ እዚያ የእሷን እግር የሚያውቅ የለም።» ታየች እግራቸው ላይ ወድቃ ብታለቅስም አልሰሟትም።

በማግስቱ ቀሃ ሲወርዱ እናቷ እንኳየሁ እንስራዋን መሬት አስቀመጠችና ልጇን ትክ ብላ አየቻት።

«እግርሽ ይከብዳል?»

ታየች ክው አለች። «ማን ነገረሽ እምዬ?»

«የኔም ይከብድ ነበር። በጣሊያን ጊዜ የወንድሜን መርዶ ይዤ ስሮጥ አንዲት ጎረቤታችን ደጅ ላይ እግሬ አልሄድ አለኝ። በሳልስቱ ሴትዮዋ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ሮጬ አላውቅም። ተሸከምሁ፣ ፈጨሁ፣ ወለድሁ። እኔ ባልሮጥ ሰው መሞቱን ተወ? እግራችን ያውቃል እንጂ አይገድልም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ማን ያምነኛል?»

«እኔም እሮጣለሁ» አለች እንኳየሁ።

እሑድ፣ ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ፣ እናትና ልጅ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከነገሥታቱ ግንብ ሥር ተነሡ። አቤት የሴትዮዋ ሩጫ! እንስራ ያጠነከረው ባቷ ዳገቱን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ሰው ደንግጦ ግራና ቀኝ ጮኸ። «እንኳየሁ! የማን ነው? የማን ነው?»

«ማንም አልሞተም! ከልጄ ጋር እየሮጥሁ ነው! ምነው፣ ሴት ለመርዶ ብቻ ነው እንዴ እግር የተሰጣት?»

አንዱ ሳቀ። ሌላው በሩን ገርበብ አደረገ። አበቡ ከነሐዘኗ እልል አለች። በየትኛውም ደጅ የታየች እግር አልከበደም። እናቷን እንዲህ ያለ ጉልበት ያላት ሴት አድርጋ አይታት አታውቅም ነበር።

በመጨረሻ የራሳቸው ደጅ ደረሱ።

የታየች እግር ከበደ። ቀና ብላ ብታይ የእናቷም እግር ዘግይቷል። ከኋላቸው ያ ኮቴ አንድ እርምጃ ጨምሮ ቆመ። ታየች የእናቷን ክንድ ይዛ ጎተተች።

«እንለፈው እምዬ! በሞቴ አትግቢ! እንሩጥ!»

እንኳየሁ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ፈገግ አለች። «ቤቴ አይደለም እንዴ? የት ልሂድልሽ?» ብላ ገባች።

መሪጌታ የሰፈሩን ሳቅ ሰምተው፣ እሳቸውም ሳይወዱ ስቀው፣ የሳንጃውን ነገር ላያነሡ በእመቤታችን ስም ማሉላት። መሐላቸውንም አላፈረሱም፤ ታየች ለአስተማሪነት የበቃችው በዚያ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ እንኳየሁ ሞተች። ወፍጮው ላይ እንደ ጎነበሰች፣ መጁን እንደ ያዘች አገኟት። ያለ ልማዷ ሮጣ ነው ያሉ ነበሩ፤ ቂሎች! ተሸክማ ተሸክማ፣ ፈጭታ ፈጭታ ነው ያለ ግን አልነበረም።

ከወለቃ ማዶ ላለችው አክስቷ መርዶው መድረስ ነበረበት። ታየች ማንም ሳያዛት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና በሰፈሩ ለመጨረሻ ጊዜ ሮጠች። ያ ኮቴ ከኋላዋ አልነበረም። ሲዘጉባት የከረሙት በሮች በሙሉ ተከፈቱ፤ ሰው ሁሉ ደጁ ወጥቶ ቆመ። አበቡ እጇን ዘርግታ ወደ መንገዱ መሐል ገባች።

«የማን ነው፣ ልጄ?»

«የእናቴ ነው» አለች ታየች፣ እየሮጠች።