ይንገሩልኝ

ሥራነሽ መልሱን በቃሏ አጥንታዋለች። ቃለ መጠይቅ የሚያደርግ መሥሪያ ቤት ሁሉ ያችን ጥያቄ ሳይጠይቅ አያልፍም፦ «ከሥራ ባልደረባሽ ጋር ተጋጭተሽ ታውቂያለሽ? እንዴትስ ፈታሽው?» እህቷ ማርቲ ዩኒቨርሲቲ ማኔጅመንት ስለምትማር እንዲህ ያለውን ነገር ታውቅበታለች፤ መልሱን በወረቀት ጽፋ ሰጠቻት። «ትንሽ አለመግባባት ነበር። ቁጭ ብለን ተነጋገርን፤ ሁለታችንም ስህተታችንን አምነን በሰላም ፈታነው» ይላል።

«እስቲ ድገሚው» አለች ማርቲ።

ደገመችው። «ተነጋገርን» የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ተንተባተበች።

«እዚህ ጋ ምን ያንተባትብሻል? ደግሞ ፈገግ በይ እንጂ!»

«ረሳሁት» አለች ሥራነሽ። እንኳን ልትረሳው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእሱ ሌላ የምታስበው ነገር የላትም።

የተጣላችው የሥራ ባልደረባዋ ሰውነት ይባላል። የቁይ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ደረጃ ሲወጣ የማፏጨት አመል ያለበት። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ሁለቱም የማሽን ኦፕሬተሮች ነበሩ፤ እሱ የቀኑን ፈረቃ፣ እሷ የማታውን። አንዱ ለሌላው ሲያስረክብ የሞቀውን ሞተር፣ የላላውን ቀበቶ ነግሮ ነው የሚሄደው። መዝገብ ተቀምጦ ነበር፤ አቧራ እንጂ ጽሑፍ አላየም። ርክክቡ በቃል ነው።

የተጣሉበት ነገር ሲያወሩት ያሳፍራል። አክስቷ ይጁቤ ከተማ አርፈው ለቀብር ስትሄድ «ሸፍንልኝ» ብላው «እሺ» ብሎ ነበር። አለቃው ሲጠይቀው ግን ደንግጦ «የት እንደሄደች እኔ አላውቅም» አለ። እሷ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ሰውነት ይቅርታ ሊጠይቅ ሁለት ጊዜ መጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ ፊቷን አዙራ ሄደች። ከዚያ በኋላ እሱም ተወው፤ የእግዜር ሰላምታ እንኳ ተቋረጠ።

ሥራው ግን አይቋረጥም። መሀል የገቡት እትዬ ወለተ ሰንበት ናቸው፤ የጆንያ አፍ የሚሰፉ ሴትዮ። ሰውነት ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሞ እየሰማ፣ ሥራነሽ ወደ እትዬ ዞራ «ቁጥር ሦስት ሞተር እየጋለ ነው፤ ይንገሩልኝ» ትላለች። እትዬም መርፌያቸውን ሳያስቀምጡ «ቁጥር ሦስት ይግላል ትልሃለች» ይሉታል። እሱም «እሺ፣ አየዋለሁ ብሏል ይበሏት» ይላል። ፋብሪካው ሳቀባቸው፣ ቀለደባቸው፣ በመጨረሻም ለመደው። ስምንት ወር እንዲህ ሆነው ሠሩ። እንዲህ ያለውን ሞኝነት ሁለት ሕፃናት እንኳ አንድ ቀን አይዘልቁበትም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ወለተ ሰንበት አልነበሩም። የወንድማቸው ሙት ዓመት ስለሆነ ደብረ ኤልያስ ሄደዋል።

ወደ ስንዴ ማበጠሪያው ፎቅ የሚያወጣው የብረት ደረጃ ከላይ ሦስተኛው መርገጫ ብሎኑ ወልቆ ነበር። ሥራነሽ አይታዋለች። እግሯን አሳልፋ ረግጣ ወረደች። ከታች ሰውነት እያፏጨ ይመጣል። ሲያያት ማፏጨቱን አቆመና እንድታልፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ዙሪያውን በዓይኑ ቃኘ፤ እትዬን መፈለጉ ነው። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። ቆሞ ጠበቃት።

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። «ራሱ ያየዋል» አለች በልቧ። አልፋው ሄደች።

ከግቢው በር ሳትደርስ ጩኸቱን ሰማች።

ሰውነት ከደረጃው ወድቆ ሆስፒታል ሦስት ቀን ቆየ፤ አንድ ቃል ሳይናገር አረፈ። ለቅሶው ላይ እናቱ እጇን ይዘው አልለቅ አሏት። «አብራችሁ የምትሠሩት አንቺ ነሽ? ጎበዝ ናት፣ ከእሷ የተረከብሁት ማሽን አስቸግሮኝ አያውቅም ይለኝ ነበር» አሏት። ለንስሐ አባቷ ተናገረች፤ ስግደት ሰጧት፤ ሰግዳ ጨረሰች። ፉጨቱ ግን አላለቀም። ደረጃ ባየች ቁጥር ከታች ሲመጣ ይሰማታል፤ እሷ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ሥራውን ለቀቀች። ከዚያ ወዲህ የትም ቤት ከላይ ሦስተኛውን ደረጃ ረግጣ አታውቅም።

እና ዛሬ አዲሱ የብስኩት ፋብሪካ ቢሮ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሦስት ሰዎች ፊት ተቀምጣለች። የፈረቃ ኃላፊ ይፈልጋሉ። ሥራውን በጣም ትፈልገዋለች፤ የሰው እጅ እያዩ መኖር ሰልችቷታል። መሀል የአስተዳደሩ ወይዘሮ ዘመናይ፣ በቀኝ የምርት ክፍሉ አቶ ጸጋው፣ በግራ የጥገናው አቶ ገብረ ኪዳን ናቸው።

«ወይዘሮ ዘመናይ፣ የትምህርት ማስረጃዋን ያቀብሉኝ ይበሏቸው» አሉ አቶ ጸጋው።

ማስረጃው አቶ ገብረ ኪዳን ክንድ ሥር ነው፤ እጃቸውን ቢዘረጉ ይደርሱበታል። አቶ ገብረ ኪዳን ቀና ሳይሉ ወረቀቱን ወደ ወይዘሮ ዘመናይ ገፉት። ወይዘሮ ዘመናይም ወደ አቶ ጸጋው ገፉት። ሥራነሽ የወረቀቱን ጉዞ በዓይኗ ተከተለች።

«ከሥራ ባልደረባሽ ጋር ተጋጭተሽ ታውቂያለሽ?» አሉ ወይዘሮ ዘመናይ። «እንዴት ፈታሽው?»

«ትንሽ አለመግባባት ነበር። ቁጭ ብለን…»

ሦስቱም ብዕራቸውን አንሥተው ጠበቁ።

«አልተነጋገርንም» አለች። «አልፈታነውም። ሞተ።»

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ደረጃውን፣ ብሎኑን፣ ቆሞ መጠበቁን። ስትጨርስ ወይዘሮ ዘመናይ ወረቀታቸውን ሰብስበው «እናመሰግናለን፣ ውጤቱን በስልክ እናሳውቃለን» አሉ። ሥራነሽ እጅ ነሥታ ወጣች። ሥራው እንደቀረ ገብቷታል፤ ቢሆንም ሰምተውኛል ብላ ትንሽ ቀለል አላት።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። የደረጃው አናት ላይ ሳለች ከኋላዋ የአቶ ገብረ ኪዳን ድምፅ መጣ።

«ወይዘሮ ዘመናይ፣ ስንት ነጥብ ሊሰጧት ነው? ይጠይቁልኝ።»

እግሯ አየር ላይ ቀረ። «ራሳቸው ያዩታል» የሚል ሐሳብ መጣባት፤ ያው የዚያን ጠዋቱ ሐሳብ። ፉጨቱም ከታች ጀመረ፤ ወጣ፣ ቀረበ፣ አጠገቧ ደርሶ ቀጥ አለ። ቆሞ እየጠበቃት ነው።

ተመልሳ በሩን ሳታንኳኳ ከፈተችው።

«አቶ ጸጋው፣ አቶ ገብረ ኪዳን» አለች። «እኛም እንደ እናንተ በሰው በኩል ነበር የምንነጋገረው። ከሁለታችሁ ማን እንደሚሞት አላውቅም። ያኔም አላወቅሁም ነበር።»

ሁለቱ ሰዎች ዞረው ተያዩ። የሚሉትን ለመስማት አልቆየችም።

ታች ማርቲ በጉጉት ትጠብቃታለች። «እሺ፣ ያችን ጥያቄ ጠየቁሽ? እንዳጠናነው ነገርሻቸው?»

«ነገርኋቸው» አለች ሥራነሽ፤ ከዚያም የመጣችበትን ደረጃ ቀና ብላ አይታ አለቀሰች።