አባቴ በዜማ የሚሰኩት ዶቃ

እናቴ ከመርሐቤቴ ቆላ ለአባቴ ተድራ ወደ ሞላሌ ስትመጣ ከአክስቷ የተማረችውን የዶቃ ሥራ ይዛ መጣች። በእኛ መንደር ሴቱ ሁሉ የበግ ጠጉር ሲፈትል፣ እሷ ከቤታችን ጀርባ ነፋስ የማይደርስበት፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበት የድንጋይ ግድግዳ ጥግ ተቀምጣ ዶቃ ትሰካ ነበር። ለሙሽራ የአንገት፣ ለሕፃን የእጅ፣ ለኮረዳ የጠጉር ትሠራለች። ዶቃውን ነጋዴዎች ከሩቅ ያመጡላታል። ክሩን ግን ራሷ ፈትላ፣ ራሷ በሰም ታሸዋለች። በሰም የታሸ ክር ጫፉ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም መርፌ አያስፈልገውም፤ በዶቃው ቀዳዳ ውስጥ ራሱ ይገባል።

አባቴ ቄስ ነበሩ። በአገራችን ጨሌ የዛር ነው የሚል ስለማይጠፋ፣ "የቄስ ሚስት ጨሌ ትሰካለች" ብለው እናቴን የሚያሟት ነበሩ። አባዬ ይህን ሲሰሙ አይቆጡም። "ዶቃ ብርጭቆ ነው፤ ብርጭቆ ምን ያውቃል? ክፉና ደግ የሚያውቅ ሰው ነው" ይሉና ያልፉታል። እሳቸው ግን አንድም ቀን ዶቃ ነክተው አያውቁም። መሬት ላይ ወድቆ ሲያዩ እንኳ እኔን ጠርተው "አንሺው" ነው የሚሉኝ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው፣ እኔ ሰባተኛ ክፍል እያለሁ ነው ነገሩ የገባኝ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከአባዬ ኋላ ራቅ ብዬ እሄድ ነበር። ጎረቤታችን አጥር ላይ ታጥቦ የተሰጣ ጥቁር የበግ ጠጉር ባና ነበር። አባዬ እዚያ ሲደርሱ ቆሙ። መስቀላቸውን ከጋቢያቸው ሥር አወጡና ወደ ባናው ዘረጉት። ነፋሱ ባናውን ሲመታው እንደ ሰው ጎንበስ ቀና ይላል። አባዬ ይጠብቃሉ። ባናው ግን መስቀል አይሳለምም።

ምን እንዳስሮጠኝ አላውቅም። ሮጬ በባናውና በመስቀሉ መሐል ገባሁና ተሳለምኩ።

"እግዚአብሔር ይፍታ" አሉ። መስቀሉን ግን ከግንባሬ ላይ አላነሡትም። "አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ፣ አባዬ።"

"ከፊትሽ የነበረው ሰውስ?"

"ሄደ" አልኩ።

መስቀሉን ቀስ ብለው ወደ ጋቢያቸው መልሰው፣ "ለእናትሽ አትንገሪ" አሉኝ። ያን ቀን እጃቸውን ይዤ ቤት ገባሁ፤ ከዚያ በፊት እጃቸውን ይዤ ሄጄ አላውቅም።

እናቴ ግን ቀድማ አውቃ ኖሯል። ለካ ከዓመት በላይ ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ ከቦታው ሳታነቃንቅ የኖረችው፣ እኔም በርጩማውን ትንሽ ገፋ ሳደርገው "ወደ ነበረበት መልሺ!" ብላ የምትቆጣኝ ለዚሁ ነው። ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም አንዱ ለሌላው ይደብቃሉ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አባዬ ራሳቸው ወደ ደብሩ አለቃ ሄደው አገልግሎት ይብቃኝ አሉ። ቅዳሴውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቃላቸው ይወጡታል፤ የፈሩት ጽዋውን ነው። "አንዲት ጠብታ ብትፈስ በእኔ ዓይን ምክንያት ማን ይጠየቅልኛል?" አሉ። አለቃው አለቀሱ አሉ፤ አባዬ ግን አላለቀሱም።

ሦስታችንም ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። በትንሽ መብራት ዓይናቸውን ሲመለከት ቆየና ወንበሩን ወደ እሳቸው አስጠግቶ ተቀመጠ። "አባ፣ ሞራ ቢሆን ገፍፌ አነሣልዎ ነበር። የእርስዎ ግን ከኋላ ያለው ጅማት ነው የደከመው። እሱን የሚመልስ መድኃኒት የለኝም" አላቸው። አባዬ ባረኩት። በመልሱ መንገድ አውቶብሱ ውስጥ እናቴ መስኮት ዳር አስቀመጠቻቸው። እስክንወርድ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው ነበር።

ከዚያ በኋላ መደብ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ጾም ባልሆነ ቀን ሁሉ ይጾሙ ጀመር። ሰው ሊጠይቃቸው ሲመጣ "ደኅና ነኝ" ይላሉ፤ ሰውየው ሲወጣ ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። በጉ ቢጮህ፣ ዝናብ ቢመጣ፣ ምንም አይሉም። እናቴ ሁለት ወር ያህል ታገሠቻቸው። አንድ ጠዋት ሰፌድ ላይ ጨርቅ አነጠፈች፤ ዶቃ ዘረገፈችበትና ወስዳ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችው።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"ዶቃ ነው። ትልቁን ከትንሹ ይለዩልኝ።"

እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰቡት። "አንቺ ሴት፣ ይኼ ቅዱስ ቁርባን ያቀበለ እጅ ነው።"

"አውቃለሁ" አለች እናቴ። "ይኸው እጅ እኮ እርፍ ጨብጦ ሲያርስ፣ በግ ሲሸልት፣ እበት ሲዝቅ የኖረ ነው። ያን ጊዜ አልተቀየሙትም።"

"እሱ ሥራ ነው።"

"ይኼስ? እኔ እስከ ዛሬ ስጫወት ኖሬአለሁ?"

እናቴ ትንሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የእኔም ዓይን እየደከመ ነው፤ ብቻዬን አልደርስም" አለች። ውሸቷን ነው። እናቴ ያን ጊዜ ከበር ላይ ሆና ከጓሳ ሜዳ ሣር ጭኖ የሚመለስ ፈረስ የማን እንደሆነ ትለይ ነበር።

ትታቸው ወጣች። እኔም ትምህርት ቤት ሄድኩ። በምሳ ሰዓት ስመለስ ሰፌዱ ጭናቸው ላይ እንዳለ ነው፤ ዶቃው ግን በአራት ክምር ተከፍሏል። እናቴ ገብታ ስታይ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

"አራት ዓይነት ነው ያለው" አሉ አባዬ በወቀሳ። "ሁለት ነው ያልሽኝ።"

በዚያ ቀን ምሳ በሉ።

ከመለየት ወደ መሰካት ለመሸጋገር ብዙ አልፈጀባቸውም። የቸገረው ቀለም ነበር። እኔ ሦስት ጣባ አመጣሁና ቀዩን በቀኛቸው፣ ነጩን መሐል፣ ጥቁሩን በግራቸው አስቀመጥኩላቸው። እጄን ይዘው እያንዳንዱን ጣባ ዳሰሱና ጥቂት አሰቡ። "እንግዲያውስ ቀዩ ግዕዝ ይሁን። ነጩ ዕዝል፣ ጥቁሩ አራራይ" አሉ። ሦስቱ የቤተ ክርስቲያን የዜማ ስልቶች ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያንን ሁሉ ዜማ በቃላቸው ይዘው የኖሩ ሰው፣ የአንገት ጌጥ ድርድር መያዝ ምን ይከብዳቸዋል? እናቴ "አምስት ቀይ፣ ሁለት ነጭ፣ አንድ ጥቁር፣ ደግሞ ሁለት ነጭ" ትላቸዋለች። እሳቸው በለሆሳስ እያዜሙ ይሰካሉ፤ ቀለሙ ሲለወጥ ዜማውም ይለወጣል። እኔ ደጅ ሆኜ ስሰማ ክሩ ላይ ምን እንደገባ አውቅ ነበር።

የመጀመሪያው ሥራቸው ልል ሆነ። እናቴ ስታየው እሰየው ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ "ልል ነው፣ አንገት ላይ ይሰበሰባል" አለቻቸው። አባዬ ተቀይመው ፈቱት። ሁለተኛውንም ፈቱት። ሦስተኛውን እናቴ በጣቶቿ መሐል ስባ ሞከረችና "ይኼ ይሸጣል" አለች። የአባዬ ጆሮ ቀላ።

ዓመት ያህል እንዲህ ቆየን። ሥራው የእናቴ እየተባለ ይሸጣል፤ ማንም ስላልጠየቀ ማንም አልነገረም። በኋላ አንዲት ሴት ለልጇ ሰርግ ሦስት ዙር ያለው የአንገት ጌጥ አዘዘች። አባዬ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ከባድ ሥራ አልሠሩም፤ ብዙ ቀን ፈጀባቸው። ሴትዮዋ ልትወስድ ስትመጣ ጌጡን ወደ ፀሐይ አንሥታ አየችና፣ "እጅሽ ይባረክ፤ እንዴት ያለ ነው!" አለች።

"የእኔ እጅ አይደለም" አለች እናቴ። ኩራቷን መደበቅ አቃታት። "ቄሱ ናቸው የሠሩት።"

ሴትዮዋ ዶቃውን ዝቅ አደረገችው። ወደ እናቴ ጠጋ ብላ፣ "አትቀየሚኝ እህቴ፤ ለእሳቸው ክብር አለኝ። ግን ዓይናቸው የጠፋ ሰው የሰካውን ለሙሽራ... ገዱ አይሆንም" አለችና መልሳ ሰፌዱ ላይ አስቀመጠችው።

መስኮታችን ክፍት ነበር። ውስጥ የነበረው ዜማ ቆመ።

በማግስቱ ሦስቱ ጣባዎች እንደተደረደሩ ዋሉ። እናቴ ስትጠይቃቸው፣ "ለሰው ልጅ ዕድል እንቅፋት አልሆንም። ብቻ ተይኝ" አሏት። ያን ጊዜ አልተከራከረቻቸውም። እኔ በእናቴ ዝምታ ተናደድኩ፤ የተሸነፈች መስሎኝ ነበር።

በዚያው ወር በሃያ አንድ፣ የማርያም ዕለት፣ እኔና እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እናቴ ከአንገቷ ማተብ በቀር ሌላ ጌጥ አድርጋ አታውቅም። ያን ቀን ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣል ስታደርግ ያ ሦስት ዙር ጌጥ አንገቷ ላይ ነበር። ያን ያህል ቆጣቢ የሆነችው እናቴ፣ የሙሽራ ጌጥ አድርጋ፣ በሴቶች በር በኩል ቀጥ ብላ ገባች። ቅዳሴው ሲያልቅ ሴቶቹ ከበቧት።

"ምነው፣ ዛሬ ሙሽራ ሆነሻል!"

"ባሌ ሠርተውልኝ ነው" አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ያቺ ሴትዮም እዚያው ቆማለች። "በጣታቸው እያዩ የሠሩት ነው። አያምርብኝም?"

የመንደሩ ሁሉ አያት የሚባሉ አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ይዘው ተጠጉና ዶቃውን ዳሰሱት። "ያምርብሻል እንጂ። ለልጅ ልጄ ይሥሩልኝ በያቸው። እኔም ዓይኔ ከጠፋ ቆየ፤ ልጆቼን ግን እኔው ነኝ የዳርኩ" አሉ። ሴቱ ሁሉ ሳቀ።

ቤት ስንገባ አባዬ መደቡ ላይ ነበሩ። እናቴ ጎንበስ ስትል ዶቃው ተንኳኳ።

"ምንድን ነው የሚንኳኳው?"

"ዶቃ ነው።"

"የማን?"

"የእኔ" አለችና አጠገባቸው ተቀመጠች። እጃቸውን ይዛ አንገቷ ላይ አደረገችው።

አባዬ ከማጅራቷ ጀመሩ። አንድ በአንድ እየዳሰሱ፣ በአፋቸው ውስጥ እያዜሙ፣ ሦስቱንም ዙር ሄዱበት። እናቴ ዓይኗን ጨፍና እንደ ልጅ ዝም ብላ ተቀመጠች። ሲጨርሱ፣ "አንድም አልሳትኩም" አሉ፣ እንደ መገረም ብለው።

"አልሳቱም።"

"ይኼን ሁሉ ዘመን ለሰው ስትሰኪ ለአንቺ አንገት አንድ ያሰበልሽ የለም" አሉ። ቀጥሎ ያሉትን አልሰማሁም፤ እንስራዬን ይዤ ወደ ምንጭ ወጣሁ። እንስራው ሙሉ እንደነበር የታወሰኝ መንገድ ላይ ነው።

ያቺ ሴትዮ ተመልሳ አልመጣችም። ሌሎች ግን መጡ። አንዳንዷ ጌጡን ስትወስድ መስቀላቸውንም ተሳልማ ትሄዳለች። አንዳንዷ ቁጭ ብላ ዜማውን ሰምታ ትሄዳለች። ቀስ በቀስ አባዬ ቀለም የምትመርጠውን ልጅ በድምፅዋ አይተው "ለአንቺ ነጭ ይብዛልሽ" እስከ ማለት ደረሱ። እናቴ ከኋላቸው ሆና በዓይኗ ትጠቅሰናለች። ትክክል ነበሩ ወይስ ልጃገረዶቹ እሳቸውን ለማስደሰት ነው የሚስማሙት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እኔ ትምህርቴን ጨርሼ አስተማሪ ሆንኩና ወደ ግሼ፣ ራቤል ተመደብኩ። እዚያ አንድ ሰው ወደድኩ፤ ሽማግሌም ተላከ። ለሰርጌ ስመጣ አባዬ ገና ሳልቀመጥ "ነይ እስቲ፣ አንገትሽን ልለካ" አሉኝ። እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። በሰም የታሸውን ክር አንገቴ ላይ አዞሩ፤ ጣታቸው ቀዝቃዛና ሻካራ ነበር። ክሩን ከለኩ በኋላ እንደገና ሁለት ጣት ያህል ጨመሩበት።

"ይሰፋል፣ አባዬ።"

"ይሰፋ። ገና ትወልጃለሽ፤ የወለደች ሴት አንገቷ ይሞላል። ለዛሬ ብቻ አይደለም የምሠራልሽ።"

በሰርጌ ቀን ጌጡ ደረቴ ላይ ወርዶ ሚዜዎቼ በመርፌ ቁልፍ ሰበሰቡልኝ። አባዬ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ። የመጀመሪያ ልጄን አቀፉ፤ ሁለተኛዋን አልደረሱባትም። እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ራቤል ናት። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ፍለጋ ትወጣለች፤ ልጆቼ አጠገቧ ይቀመጣሉ። የትንሿ እጅ ፈጣን ነው፤ ትዕግሥት ግን የላትም። እናቴ ልል ነው ትላታለች፤ ልጄ ታለቅሳለች፤ ከዚያ አብረው ይፈቱታል።