ዓይን የቀራቸው ቅዱሳን

ቢቸና ከእህል ተራው ጀርባ አንዲት ክፍል ነበረችን። ቀድሞ የጤፍ ማከማቻ ስለነበረች ምንም ያህል ብንጠርጋት ከግድግዳው ስንጥቅ ጤፍ ይረግፋል። እርጥብ ቀለም ላይ ካረፈማ ቅዱሱን ፈንጣጣ የያዘው ያስመስለዋል። በሯ ላይ «የጥበብ ሰዎች ኅብረት» ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ጽሑፉ ያምር ነበር። ኅብረቱ ግን አራት ሰው ነው።

እኔ ማስታወቂያ ጸሐፊ ነኝ፤ የሱቅ ስም፣ የፀጉር ቤት መስታወት፣ የባጃጅ ጀርባ እጽፋለሁ። ሁለተኛው ከሞጣ የመጣ ልብስ ሰፊ ነው። ቤተሰቡ ከቅድመ አያት ጀምሮ ሞጣ ላይ ጨርቅ የሚነግዱ ሙስሊሞች ናቸው፤ እሱ ግን ጨርቅ ከመሸጥ ጥልፍ መጥለፍ ይሻለኛል ብሎ ከእኛ ጋር ተቸገረ። ሦስተኛዋ ሠዓሊ ልጅ ናት። አራተኛውና የሁላችን ታላቅ የኔታ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲሥሉ ያረጁ፣ ለልጅቱም ሙያውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

ሥራ ከጠፋ ቆይቷል። የሱቁ ስም ባነር ላይ ይታተማል፤ ካባው ተሰፍቶ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ የቀለም ዋጋ በሄድን ቁጥር ሌላ ነው፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ቀለሙ ራሱ አይገኝም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እኛ አብረን ኪራይ እንኳ ማሰር አቃተን። ቢሆንም አንድ ደንብ ነበረን፤ ማንም ብቻውን ሥራ አይዝም። ለእኔ የሱቅ ስም ከመጣ ባለሱቁ ፈለገም አልፈለገም ልጅቱ አጠገቡ ሥዕል ትጨምርበታለች። አንድ ባለ ሥጋ ቤት በሬ በግድ ሥለንለት፣ የተሣለው እሱ ከሚያርዳቸው በሬዎች ስለወፈረ ተቀይሞናል። ምሳ የቋጠረም ለአራት ይቋጥራል።

ሞጣ አካባቢ ያለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ታድሳ ለዓመት በዓሏ የሚደርስ ሥዕል ተፈለገላት። ወሬው የደረሰን በልብስ ሰፊው አባት ሱቅ በኩል ነው፤ የሰበካ ጉባኤው ሰዎች ጨርቅ ሊገዙ ገብተው ሲጨዋወቱ። ልጅቱ ያን ሰሞን ፓስፖርት አውጥታ ነበር። ዓረብ አገር የሚልክ ደላላ በየጊዜው ይደውልላታል፤ እናቷ ታመዋል፤ እኛ ደግሞ የምንሰጣት ተስፋ እንጅ እንጀራ የለንም። ሥራው ሲመጣ ግን ፊቷ በራ። «ይኼ ከተሳካ ሌሎቹንም ግድግዳዎች ይሰጡናል፤ አልሄድም» አለች። ለእኔ ነገሩ ከኪራይም በላይ ነበር። የየኔታን ሙያ የያዘ ከእሷ ሌላ ሰው አላውቅም፤ እሷ ከሄደች ከኅብረታችን የሚቀረው በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው።

ሥዕሉ የሚሠራው አቡጀዲ ላይ ነው፤ ሲያልቅ ተወስዶ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ልብስ ሰፊው አቡጀዲውን ገጣጥሞ ሰፋ። እኔ መስመሩን አወጣሁ፤ ከሥሩም የግዕዙን ጽሑፍ ጻፍሁ። ልጅቱ ቀለሙን ሞላች። ዓይን ግን የየኔታ ነው። ዓይን መጨረሻ ላይ ይሣላል፤ የሚሥለው ሰው እህል አይቀምስም፤ ሲሥልም አጠገቡ ሰው አይቆምም። ከመምህራቸው የወረሱት ሥርዓት ነውና እኛም እንደ ሕግ ይዘነዋል።

የቅዱሳኑ ልብስ፣ ክንፍ፣ ከንፈር ሳይቀር አልቆ ዓይን ብቻ ቀረ። የኔታ «ዛሬ ደመና ነው፤ ብርሃኑ አይሆንም» አሉ። ፀሐይ ሲወጣ «ጉንፋን ይዞኛል» አሉ። ጉንፋኑ ሲተዋቸው «እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ እጄ አይጸናም» አሉ። ነገሩ ሌላ ነው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ሁላችንም እናውቃለን። ልብስ ሰፊውን የሚለዩት በድምፁ ነው፤ ደጃፉን የሚያገኙት በዱላ ዳብሰው ነው። አንድ ጠዋት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካፖርቴን «እንደምን አደርህ?» ሲሉት ሰምቼ፣ ከኋላቸው ሆኜ «እግዚአብሔር ይመስገን የኔታ» ብዬ መልሻለሁ።

«ንገራቸው እንጅ» ይለኛል ልብስ ሰፊው።

«አንተ ንገራቸው።»

«እኔ? እኔ እስላሙ ሄጄ ለቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ዓይንዎ ጠፍቷል ልበል? ምን ይሉኛል!»

ልጅቱ ዓይኑን መሥራት ትችላለች። ካርቶን ላይ ስትለማመድ አይቻታለሁ፤ እጇ የየኔታን እጅ ነው የሚመስል። ሥሪው ስላት ግን «የኔታ በሕይወት እያሉ? እጄ ይቆረጥ!» ብላ ተቆጣችኝ። ዝም አይነቅዝም ይላል የአገራችን ሰው። የሌላውን እንጃ፤ የእኛ ዝምታ ግን እያየነው ነቀዘ።

በዚህ መካከል የሞጣ መንገድ ተዘጋ። ከጉንደ ወይን ወዲያ መኪና አያልፍም ተባለ፤ ስልክም አልፎ አልፎ ነበር የሚሠራው። እኛ ሞኞቹ ለየኔታ ጊዜ ተገኘላቸው ብለን እንደ እድል ቆጠርነው። መንገዱ ሲከፈት ልብስ ሰፊው ሞጣ ለአባቱ ደወለ። አባቱም «ምነው ልጄ፣ በዓሉ ደረሰባቸውና አሳትመው ሰቀሉ እኮ» አሉት። ባነር! የሚያብረቀርቅ፣ በሚስማር የተመታ ባነር። ከንዴቴ የተነሣ የቀለም ቆርቆሮ በእርግጫ ብዬ እግሬን አሳበጥሁ። በካህናቱ ልናደድ ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም። በዓል እኛን ቆሞ አይጠብቅም።

ሦስታችንም የኔታ ቤት ሄደን ነገርናቸው። «ለምን አልሠራችሁትም?» አሉ።

«እርስዎን እየጠበቅን ነዋ የኔታ» አልሁ።

«እኔ ደግሞ እናንተን! ይች ልጅ ዛሬ ትነጥቀኛለች፣ ነገ ትነጥቀኛለች እያልሁ። እኔኮ ከመምህሬ እጅ ብሩሹን ነጥቄ ነው የጀመርሁ። ሰው መቼ ነው በገዛ አፉ ዓይኔ ጠፋ፣ እንካችሁ የሚለው? አውቃችሁ ዝም! አየ ልጆቼ፣ በክብር ገደላችሁኝ።»

ልጅቱ እግራቸው ላይ ወድቃ አለቀሰች። ራሷን ዳብሰው አነሷት።

«በቃ ተነሽ። ነገ እህል ሳትቀምሺ ግቢና ሥሪው፤ ማንም አይቁምብሽ። እኔ ኪዳን ሲወጣ እመጣለሁ።»

«አሁንማ ለማን ይሆናል የኔታ?»

«ለማንም አይሁን። ቅዱሳንን ዓይን አሳጥተን ጠቅልለን ልናስቀምጥ ነው?»

«እሺ የኔታ» አለች።

በማግሥቱ ጠዋት ስደርስ የክፍሉ ባለቤት ጤፏን እያስገባች ነው። ኪራይ ካቋረጥን ሰንብተናልና አልፈረድሁባትም፤ ጤፍ ከእኛ የተሻለ ተከራይ ነው። ልብስ ሰፊው በጆንያዎቹ መካከል ቆሟል።

«ሄደች» አለኝ።

ደላላው ደውሎላት በመጀመሪያው መኪና በደጀን በኩል ወጥታለች። ይህን ጊዜ ዓባይ ድልድይን ሳትሻገር አትቀርም። ብሩሾቹን አጥባ በጨርቅ ጠቅልላ ትታለች። ሥዕሎቹ ትናንት እንደነበሩ ናቸው። ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ። በእሷ አልተቀየምሁም፤ ማን ለማን ብሎ ይቀራል? ግን እንደዚያ ቀን ብቻዬን የቀረሁ መስሎኝ አያውቅም።

የኔታ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ደጃፉን በዱላቸው እየዳበሱ መጡ።

«ጨረሰች?»

ልብስ ሰፊው አየኝ። እኔም አየሁት።

«ጨረሰች የኔታ» አልሁ።

«እናቷን ለማየት ደረስ ብላ ልትመጣ ነው» አለ እሱም፣ ፈጠን ብሎ።

«አስጠጉኝ» አሉ።

ግራና ቀኝ ይዘን በጆንያዎቹ መካከል አሳልፈን ከእመቤታችን ሥዕል ፊት አቆምናቸው። እጃቸውን ዘርግተው ከመጎናጸፊያዋ ጫፍ ጀመሩና በግንባሯ ወረዱ። ያን ፊት ዕድሜ ልካቸውን ሠርተውታል፤ መንገዱ አይጠፋቸውም። ጣታቸው ዓይኗ መሆን ካለበት ቦታ ላይ አረፈ። ጠዋት የተቀባ የዘይት ቀለም ጣት ይይዛል፤ እዚያ የነበረው ግን ከደረቀ የሰነበተው የፊቷ ቀለም ብቻ ነው። ጣታቸው እዚያው ቆየ።

«እጇ ይባረክ» አሉና ምንም ቀለም ያልነካውን ጣታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።