በወንዙ ዳር የቆመችው ሴት

ልጅ ሆኜ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ስንኖር፣ ማታ ማታ ተረት የሚነግሩን የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ደምሴ ነበሩ። በጉልምስናቸው የአንድ ነጋዴ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም እኛ ቤት መጡና ከበግ ጠጉር ባና ይሸምኑ ጀመር። ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፤ እኔና ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቼ አንድ ባና ለሦስት ተከናንበን የኩበቱን ፍም እንከባለን፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን እናዳምጣለን። ጋዙ እንዳያልቅ እናቴ የኩራዟን ክር ዝቅ ታደርጋለች፤ ያኔ የጋሽ ደምሴ ጥላ ግድግዳውን ይሞላዋል።

ስለ ጦጣና ስለ ጅብም ያውቁ ነበር። እኛ የምንለምናቸው ግን ሁልጊዜ አንዱን ነው፤ ዓባይ ላይ በሞተር ጀልባ የዋሉበትን ቀን። ነጋዴው ጣና ዳር የራሱ ጀልባ ነበረው፤ አንድ ቀን ጭነቱን አራግፈው ሲጨርሱ «ዛሬ አንተም እንደ ሰው አርፈህ ዋል» ብሎ አሳፈራቸው። ወንዙ ከሐይቁ ከሚወጣበት ተነሥተው ቁልቁል ሲወርዱ፣ ጉማሬው አፍንጫውን ብቻ ብቅ አድርጎ ሲያያቸው፣ ውሃው ከጀልባው ኋላ እንደ ትልም ሲሰነጠቅ፣ እሳቸው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። በዓል ሳይሆን ሥራ ፈትተው የዋሉበት ቀን በዕድሜያቸው እሱ ብቻ ነው ይሉን ነበር። በጋ በጋ ድንጋይ ለድንጋይ ተረማምደን የምንሻገረውን ወንዝ ብቻ ለምናውቅ ልጆች፣ ይህ ከጦጣው ተረት ይበልጥ ተረት ነበር።

ከሁሉ የምንወደው ሴትዮዋ ጋ ሲደርሱ ነው። አንዲት ሴት ወንዙ ዳር ቆማ ልጇን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ጀልባውን ታሳየዋለች፤ ጋሽ ደምሴም እጃቸውን ያውለበልቡላታል። እዚህ ላይ እኔ ድመታችንን ከፍ አድርጌ ሴትዮዋን እሆናለሁ፤ ወንድሞቼ ጀልባ ላይ እንዳለ ሰው እጃቸውን ያውለበልባሉ።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሁለት ዓመት ያልሞላት እህቴ ትኩሳት ያዛት። አባቴ ለቀን ሥራ ቆላ ወርዶ ነበር፤ ጋሽ ደምሴም ባና ሊሸጡ ገበያ ሄደዋል። እናቴ ሐኪም ቤት ልትወስዳት አዝላት ወደ መንገዱ ወጣች። ያኔ በቀን የሚያልፈው መኪና ከአንድ ከሁለት አይበልጥም። ማታ ሐኪም ቤት ሳትደርስ ተመለሰች። ሾፌሮቹ እንዲያዩላት ልጅቷን ከፍ አድርጋ መዋሏን፣ እነሱም እጃቸውን እያነሡላት ማለፋቸውን ከገበያ ለተመለሱት ለጋሽ ደምሴ ስትነግራቸው ሰማሁ። በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም። ደክሟት ነበር።

ልጅ ምን ያውቃል፤ እኛ እንደ ልማዳችን ዓባይን ለመንናቸው። እምቢ አላሉንም፤ እናቴን ለማረሳሳት አስበው ይሆናል። ሴትዮዋ ጋ ሲደርሱ እኔ ድመቷን ይዤ ተነሣሁ። እናቴ እህቴን እንደታቀፈች ቀና አለች።

«ጋሼ፣» አለች በዝግታ፣ «ያቺ ሴት ልጇን ከፍ ያደረገችው ጀልባ ልታሳየው ይመስልዎታል?»

ጋሽ ደምሴ ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሱት።

«አይደለም» አሉ። «ትጮህ ነበር። በሞተሩ ድምፅ ምን እንደምትል አልሰማሁም፤ የልጁ አንገት ግን ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ አይቻለሁ። ነጋዴው ‹ምን ትላለች?› ቢለኝ ‹ሰላም ትለናለች› አልኩት። ከቆምን ቀኔ ሊያልቅብኝ ነው። አንዲት ቀኔ ነበረቻ። ለእነዚህ ልጆች ሳወራው ሳወራው፣ እኔም ሰላም ያለችኝ መስሎኝ ቀረ።»

እናቴ አልወቀሰቻቸውም። «ሁላችንንም ይማረን» ብላ እህቴን ጠጋ አድርጋ አቀፈቻት። እኔ ድመቷን አስቀመጥኳት።

ጎህ ሲቀድ ጋሽ ደምሴ እህቴን በባና ጠቅልለው አዘሏት፤ ዓይናቸው ደህና አያይምና እናቴን አስቀድመው፣ በእግራቸው ደብረ ብርሃን ገቡ። እህቴ ዳነች፤ ዛሬ እሷም የልጆች እናት ናት። ወንዙ ዳር የቆመችው የዚያች ሴትዮ ልጅ ምን እንደሆነ የሚነግረን ግን አላገኘንም። ጋሽ ደምሴ ለንስሐ አባታቸው ተናግረው ቀኖና እንደተቀበሉ በኋላ ሰማሁ። የዓባይን ነገር ዳግመኛ አላወሩልንም፤ እኛም አልለመንናቸውም።

አሁን ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ልጆቼ ተረት አይጠይቁኝም፤ ቢጠይቁኝም ማታ ማታ አቅም የለኝም። ሰው ሲደክመው ጥሪውን ሁሉ ሰላምታ ያደርገዋል፤ ይህን ከጋሽ ደምሴ ብሰማም ያወቅሁት በራሴ ነው። ባለፈው ሰሞን ወገቤ ተቆርጦ ከገበያ ስመለስ፣ ብቻዋን የምትኖር አንዲት ጎረቤቴ ከደጇ ሆና ጠራችኝ። «ደህና ነሽ፣ ደህና ነሽ» እያልኩ እጄን አንሥቼ አለፍኩ። ቁልፌን በሩ ውስጥ ስከት ነው ያደረግሁት የገባኝ። ዘንቢሌን መሬት ላይ ትቼ ተመለስኩ።

የፈለገችው ጨው ነበር፤ ትንሽ ጨው። ጨው መሆኑን ግን ባልመለስ ኖሮ በምን ዐውቅ ነበር።