ምሳ ከማን ጋር ነው የሚበሉት?

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጣና ሐይቅ ዳር ካለች አንዲት ምግብ ቤት ገብቼ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ አዘዝኩ። አስተናጋጇ ሁለት ሳህን ይዛ መጣችና ሰው እጠብቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንደማልጠብቅ ስነግራት አንዱን ሳህን መለሰች፤ ፊት ለፊቴ የነበረውንም ወንበር ይቅርታ ጠይቃ ለጎረቤት ጠረጴዛ ወሰደችው። ክፋት የለበትም፤ እዚያ ተጣብበው የተቀመጡ ወጣቶች ነበሩ። እኔ ግን ዓሣው እስኪደርስ ውሃውን እያየሁ ስለ ፈንታነሽ ማሰብ ጀመርኩ።

ፈንታነሽን ሳውቃት ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከአንበሳሜ መጥቼ ባሕር ዳር ላይ ችግረኛ ልጆችን የሚያሳድግ አንድ ድርጅት ቀጥሮኛል። የድርጅቱ ሥራ የአንድ ሰሞን ዕርዳታ አልነበረም። ልጁን ከአንደኛ ክፍል ተቀብሎ፣ እያስተማረ፣ እያሳከመ፣ ቤቱ እየሄደ እየጠየቀ ራሱን እስኪችል ድረስ አብሮት ይቆያል። እያንዳንዱ ልጅ ባሕር ማዶ አንድ ስፖንሰር አለው። ልጆቹ በየሦስት ወሩ በአማርኛ ይጽፋሉ፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ፤ መልሱ ሲመጣም ለልጁ አነብለታለሁ። በደብዳቤው ጫማ ስጡኝ፣ ቦርሳ ላኩልኝ ማለት ክልክል ነው። እኔ ደግሞ አዲስ ሠራተኛ ነኝና ከደንቡም በላይ ጥብቅ ሆኜ አረፍኩት።

ፈንታነሽ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። እናቷ ስትሞት ሐይቁ ውስጥ ካለው ከደቅ ደሴት አምጥተው አክስቷ ዘንድ አስቀመጧት። አክስቷ እትዬ አለሚቱ ደግ ሴት ናት፤ ነገር ግን ከጠዋት እስከ ማታ ገበያ ላይ ሽንኩርትና በርበሬ ስትቸረችር ነው የምትውለው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምታገኘው የተዘጋ ቤትና የተከደነ ሳህን ነው።

ሌሎቹ ልጆች ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ ብለው ጀምረው፣ ላም እንደሚወዱ ተናግረው ይጨርሳሉ። ፈንታነሽ ለስፖንሰሯ የጻፈችው ደብዳቤ ግን እንዲህ ይል ነበር፦ «እማማ ማርታ፣ በላኩልኝ ፎቶ ላይ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሳህን አንድ ነው። ምሳ ከማን ጋር ነው የሚበሉት? እኔ ስበላ ቤት ውስጥ ሰው የለም። እርስዎም ብቻዎን ከሆኑ ሰዓቱን ይንገሩኝና እኩል እንብላ።»

መተርጎሙን አቆምኩ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል በሚባልበት አገር ያደግሁ ነኝ። አንዲትን ባልቴት ብቻሽን ነው ወይ የምትበይው ብሎ መጠየቅ ሰው የለሽም ወይ ከማለት በምን ይለያል? ይሉኝታ ያዘኝ። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው እኔንም ነክቶኝ ነበር። በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ሽሮዬን የምበላው ቆሜ ነበር፤ ቁጭ ካልኩ ብቻዬን መሆኔ ይታወቀኛል። ስለዚህ ያንን ሁሉ ዘልዬ፣ ፈንታነሽ ሒሳብ እንደምትወድና ሐይቁ በዚህ ወራት ደስ እንደሚል ጻፍኩ።

መልሱ በግንቦት፣ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ሰሞን መጣ። እማማ ማርታ ሒሳብ መውደዷ እንዳስደሰታቸው ጽፈዋል። አነበብኩላት። ፈንታነሽ ሌላ ነገር ጠበቀችና ወረቀቱን ስሰጣት፣

«ስለ ምሳው ምን አሉ?» አለችኝ።

ልጆችም የልጅ ልጆችም እንዳሏቸው፣ ጠረጴዛቸውም ሁልጊዜ ሰው እንደማያጣ ነገርኳት። ከየት አምጥቼ እንደተናገርኩት እኔም አላውቅም። «እሰይ» አለች ቀስ ብላ። ወረቀቱን አጣጥፋ ወጣች። እኔም ሁለቱንም ከኀፍረት ያዳንኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ጥቂት ቆይቶ እትዬ አለሚቱ ቢሮ መጣች። ከድና የምትሄደውን ምሳ ማታ ስትመለስ እንዳለ እንደምታገኘው ነገረችን። ልጅቷን ሐኪም መረመራት፤ ምንም በሽታ የለባትም ተባለ። ትምህርት ሲዘጋ አያቷ መጥተው ወደ ደቅ ወሰዷት። ነሐሴ ላይ ከእሳቸው መልእክት ደረሰን፦ ልጅቷ ከተማ አልመለስም፣ ትምህርትም ይቅርብኝ ብላለች። ከቀረች ቦታዋ ለሌላ ልጅ ይሰጣል።

በዚያው ሳምንት ከእማማ ማርታ ሳይጠበቅ አንድ ደብዳቤ መጣ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ጠረጴዛው እንደሰፋባቸው፣ ምሳ ሲበሉ የልጅቷን ፎቶ ከጨው ዕቃው ጋር አስደግፈው ፊት ለፊታቸው እንደሚያቆሙት ጽፈዋል። ልጆች አልወለዱም። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ወደ ደቅ የሚሄደውን ጀልባ ያዝኩ። የዘጌ ጫካ በዝናቡ ውስጥ ጠቁሮ ነበር። ጎኔ የተቀመጡ አንድ ሰው ዳቦ ቆሎ ዘገኑልኝ፤ እምቢ ማለት ነውር ነውና ተቀበልኩ፣ ግን እፍኜ ውስጥ እንደያዝኩት ቀረሁ። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እውነቱን ነግሬያት እንኳ ባትመለስስ?

ፈንታነሽ ከአያቷ ጋር ደጅ ቁጭ ብላ የበቆሎ እሸት ትጠብስ ነበር። አያቷ ቄስ ናቸው፤ ተነሥተው ቦታ ለቀቁልኝ። ደብዳቤውን አነበብኩ። ቀጥዬም ጥያቄዋን እንዳልጻፍኩት፣ ስለ ልጆቹ የተናገርኩትም የራሴ ፈጠራ እንደሆነ ነገርኳት። ቀና ብላ አላየችኝም። እሸቱን አገላበጠች።

«እትዬ ሙሉ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «እኔ እኮ ሰው ካላቸው ምን እረባቸዋለሁ ብዬ ነው ምሳውንም ትምህርቱንም የተውሁት።»

ይህን አልጠበቅሁም። አብሯት የሚበላ ያጣች፣ የተከፋች ልጅ ብቻ መስላኝ ነበር የመጣሁት። እኛ ደብተር ሰጥተናታል፣ ልብስ ሰጥተናታል፣ አሳክመናታል፤ ሁሉም የሚያስፈልጋት ነገር ነበር። እሷ በበኩሏ ልትሰጥ የቻለችው አንድ ነገር ነበር፣ እሱን መንገድ ላይ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

ይሉኝታ ይዞኝ እንደሆነ ለአያቷ ላስረዳ ሞከርኩ። ቄሱ ሲሰሙ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ሰው አለሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር የሚሆነው መልሱን ሰምቶ ለሚሄድ ነው» አሉኝ።

መስከረም ላይ ተመለሰች። ያንኑ ደብዳቤ እንደገና ጻፈች፤ እኔም አንዲት ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩት። ኅዳር ላይ መልስ መጣ፣ በእኛ ስምንት ሰዓት ላይ ተስማሙ። ከሁለት ዓመት በላይ እንዲያ በሉ። አንድ ቀን ለጉብኝት ቤቷ ስሄድ ሰዓቱ ገጠመብኝ። ፈንታነሽ የእማማ ማርታን ፎቶ ከውሃው ጆግ ጋር አስደግፋ ትበላ ነበር። ቦታ ለቀቀችልኝና ይብሉ አለችኝ። በልቻለሁ አልኳት። አልበላሁም ነበር። ለምን እንዳልተቀመጥኩ ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

እማማ ማርታ ሲሞቱ የወንድማቸው ልጅ ጻፈችልን። ፈንታነሽ ፊቴ አላለቀሰችም። ድርጅቱ ሌላ ስፖንሰር ፈለገላት፤ አሥራ ሁለተኛን እስክትጨርስ፣ ከዚያም አዋላጅ ነርስነት ተምራ እስክትወጣ አልተለያትም። አሁን አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ውስጥ ትሠራለች፤ የራሷም ልጆች አሏት። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። አላገባሁም፤ ለምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ስለቀነሰ መልሱንም ረስቼዋለሁ። ፈንታነሽ እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች። ምሳ ከማን ጋር እንደበላሁ ሳትጠይቀኝ አትዘጋም። እኔም አንድ ቀን የጎረቤቶቼን፣ አንድ ቀን የእኅቴን ልጆች ስም እየጠራሁ ስዋሻት ስንት ዓመቴ። በዚህ ዕድሜዬ እንኳ ይሉኝታው አልለቀቀኝም።

ባለፈው እሑድ ዓሣው ቀርቦልኝ ገና ሳልጀምር ደወለች። ጠየቀችኝ። የጎረቤቶቼ ስም ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«ብቻዬን ነኝ» አልኳት። «አብዛኛውን ጊዜ ብቻዬን ነው የምበላው።»

 ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ አልኩ። ከወዲያ በኩል ሳህን ሲቀመጥ፣ ወንበር ሲጎተት ተሰማኝ።

«በሉ ይጀምሩ» አለችኝ፣ «እኔም ቁጭ ብያለሁ።»