የክላይድ ተራ

ፍረዝጊ የሚቆመው ከሁሉም ጀርባ ነው። ቤዙ፣ ቆሞ እያቀፈ የሚመታው ግዙፍ ባለ አውታር መሣሪያ፣ ከእሱ ቁመት ይበልጣል፤ ድምፁም ወፍራም ስለሆነ ከማይኩ መራቅ አለበት። የአስመራ ልጅ ነው፤ አማርኛውን ከትምህርት ቤት፣ አናጺነቱን ከተግባረ ዕድ አግኝቶ፣ አሁን አሜሪካ፣ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ የተሰነጠቀ ጊታርና ቫዮሊን የሚጠግን የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው። አንድ ቀን ለአንድ ባንድ የጠገነውን ቤዝ ሊያደርስ ሲሄድ “እስቲ ሞክርልን” አሉት። ሲሞክር አሥራ አራት ዓመት አለፈ።

ባንዱ አራት ሽበታም ነው፦ ጊታር እየመታ የሚዘፍነው መሪው ዌይን፣ ቫዮሊን የምትጫወተው ሩት፣ ባንጆ የሚባለውን ቆዳ የተወጠረበት ክራር መሰል መሣሪያ የሚመታው ክላይድ፣ እና እሱ። ብሉግራስ ይጫወታሉ፤ የገጠር አሜሪካ ሙዚቃ ነው፣ ከበሮ የለው፣ ማይኩም አንድ ብቻ። ጎልቶ ብቻውን የመጫወት ተራው የደረሰ ወደ ማይኩ ይገባል፤ ሌሎቹ ገለል ብለው መንገድ ይሰጡታል። ሲጨርስ ሕዝቡ ያጨበጭብለትና ይወጣል። ፍረዝጊ ጓደኞቹን ከፊታቸው ይልቅ በጀርባቸው ያውቃቸዋል።

ጃንዋሪ 2006 ክላይድ ሞተ። ዌይን ከቀብር መልስ እቅጩን ተናገረ።

“የኤፕሪሉን ሾው እንጫወት። ያለ ባንጆ ባዶ ከሆነ በዚያው እንበተናለን።”

ፍረዝጊን ፍርሃት ያዘው። ሳምንቱን ሙሉ ከሙጫና ከሰጋቱራ ጋር ነው፤ ሰው የሚሆነው ቅዳሜ ከባንዱ ጋር ብቻ ነው። ሚስቱ ፀሐይነሽ ሳቀችበት።

“አንተ ሰውዬ፣ እኔ ብሞት እንኳ እንዲህ አትሆን!”

“አንቺ ባንጆ አትመቺማ።”

እርሳስ አነሳ። በሙያው እንደለመደው መጀመሪያ ለካ፤ የክላይድ ተራዎች አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። ሁሉንም በቫዮሊን እንድትጫወታቸው ለሩት ሰጣት። ሦስት ጊዜ እሷ ቤት ተለማመዱ፤ አንድም ቦታ አልተሳሳቱ። ብቻ ሩትን ጉልበቷን ስለሚያማት ልምምዱን ቁጭ ብለው ነው ያደረጉት። ይህን ፍረዝጊ ልብ አላለውም።

ሾው የተደረገው ከሃቫና ስትሪት ወረድ ብሎ ካለ ትንሽ አዳራሽ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ዌይን ስንኙን ጨረሰ። ሩት መግባት ነበረባት። አልገባችም። እሷ ወደ ግራ፣ ዌይን ወደ ቀኝ ገለል አሉ። እግራቸው የለመደውን አደረገ፤ ለክላይድ መንገድ ለቀቁለት።

ማይኩ ፊት አንድ ሰው የሚያህል ክፍት ቦታ ቀረ።

“ሩት! ግቢ እንጂ!” አለ ፍረዝጊ በሹክሹክታ።

አልዞረችም። ዌይን ጊታሩን ዝቅ አድርጎ ይመታል፣ ሰው ሲያጅብ እንደሚመታው። ፍረዝጊ ከጊታሩና ከገዛ ቤዙ በቀር የሚሰማው የለም። የክላይድን ቴፕ ከፍተው ለእሱ ብቻ ሳይሰማው ቀርቶ ይሆን ብሎ በዓይኑ ስፒከር ፈለገ፤ የአዳራሹ ስፒከር አንድ ነው፣ እሱም አጠገቡ ነው። ሩት ራሷን በስልት ትነቀንቃለች። ዌይን ድንገት ፈገግ አለ፣ ክላይድ መጨረሻ ላይ አንዲት ቀልድ ጣል ሲያደርግ እንደሚስቀው።

ከዚያ ሕዝቡ አጨበጨበ።

የይሉኝታ ጭብጨባ አልነበረም። ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌ አፏጨ። ሩትና ዌይን የሚወጣ ሰው እስኪያልፍ ጠበቁ፤ እንዳይነኩትም ትከሻቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ማይኩ ተመለሱ።

አሥራ ዘጠኙም ተራ እንዲሁ አለፈ።

ፓርኪንግ ውስጥ ቤዙን ቫን ላይ ሲጭኑ ዌይን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

“ሰማኸው አይደል? ዛሬ ደግሞ ትንሽ ፈጠነ።”

“መቼ ሳይፈጥን ቀርቶ!” አለች ሩት። “ፍሬዚ ባይይዘው የት በደረሰ ነበር።” ፍረዝጊን የሚጠሩት እንዲህ ነው።

“እንግዲህ አንበተንም” አለ ዌይን። “ሌላ ባንጆ መቺም አንፈልግም። አንተ ምን ትላለህ?”

ፍረዝጊ የቤዙን ማሰሪያ ቀበቶ ሁለት ጊዜ አጠበቀ። ምንም አልሰማሁም ቢል ባንዱ እዚያው ፓርኪንጉ ላይ ያልቃል።

“አዎ፣ ትንሽ ፈጥኗል” አለ።

በሳምንቱ ቆመው ተለማመዱ። የክላይድ ተራ ሲደርስ ሁለቱ ገለል አሉ። ሩት የቫዮሊን ቀስቷን እንደያዘች ዞራ አየችው።

“ፍሬዚ፣ ትንሽ ወደኋላ በልለት እንጂ። ተረከዙን ልትረግጠው ነው።”

ፍረዝጊ ቤዙን አንስቶ፣ ምቱን ሳይስት፣ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ።