በመብረቅና በሙሽራው መካከል

ስልክ ማንሳት ጉልበት የሚጨርስ ሥራ አይመስልም። ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ማዳመጫ ጆሮ ላይ ደፍቶ «ምን ልታዘዝ?» ማለት ነው። የውሃ ድርጅት ስልክ የምታነሳውን ይህችን ሴት ግን ከጠዋት እስከ መውጫ ሰዓት ሰው ይጮህባታል። ውሃ የጠፋበት፣ ቆጣሪው ያበደበት፣ ግቢው በፈነዳ ቧንቧ የተጥለቀለቀበት ሁሉ፣ እሷ በጥርሷ የበጠሰችው ይመስል ይወርድባታል። እሷም ታዳምጣለች። የተቆጣ ሰው መፍትሔውን ከመስማቱ በፊት መሰማቱን ማወቅ እንደሚፈልግ ሥራው አስተምሯታል። ስለዚህ ደንበኛው ትንፋሽ ሲያጥረው ጠብቃ፣ «እስከገባኝ ድረስ ያሉኝ እንዲህ ነው። ልክ ነኝ?» ትለዋለች። ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ድምፁ ይወርዳል። የእሷ ድምፅ ግን ማታ ቤቷ ስትገባ ተሟጥጦ ያልቃል፤ ከልጆቿ ጋር በእጅ ምልክት የምትነጋገርበት ቀን አለ።

የቤቱ በኩር ስለሆነች ቤተሰቡ እትዬ ይላታል። አባታቸው ታሞ በተኛ ጊዜ፣ ማን ቀን አብሮት እንደሚውል ማን ሌሊት እንደሚያድር ለመነጋገር በስልክ የቤተሰብ ግሩፕ የከፈተችውም እሷ ናት። አባት ካረፈ በኋላም ግሩፑ አልተዘጋም። የሕፃናት ጥርስ ሲወልቅ ፎቶ ይለጠፍበታል፣ የእናታቸው መድኃኒት ሲያልቅ ይነገርበታል። ምርጫ ሲቃረብ ነው ነገር የመጣው።

ሁለት ሰዎች ናቸው ያመጡት። አንዱ ታናሽ ወንድሟ ሊፍት ጠጋኙ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ መብረቅ ይሉታል፤ ይጮሃል፣ ያበራል፣ ወዲያው ይጠፋል። ሌላው የታናሽ እህቷ ባል ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ደም ይመረምራል። ካገባ ቆይቶ፣ ወልዶ፣ ራሱ ተመልጦ እንኳ በዚህ ቤት ስሙ ሙሽራው ነው። መብረቅ ከተማውን እያፈረሰ እንደ አዲስ የሚሠራውን ገዢውን ፓርቲ ይደግፋል። ሙሽራው ተቃዋሚዎቹን።

መጀመሪያ ላይ ቀልድ ነበር። ነገርን ነገር ያነሳዋልና ቀልዱ መረረ። መብረቅ ነጥብም ሰረዝም በሌለው ጽሑፍ «ምቀኛ ናችሁ ፎቅ ስታዩ ዓይናችሁ ይቀላል» ይላል። ሙሽራው ደግሞ «ውድ ወንድሜ» ብሎ ጀምሮ፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ ገጽ የሚሞላ መልስ ይጽፋል። መጨረሻው ሁልጊዜ «ጉዳዩን ለመረዳት ጥቂት ማንበብ ይጠይቃል» ነው። እትዬ «እባካችሁ ልጆች» ብላ ስትገባ ሁለቱም አውራ ጣት ልከውላት ይቀጥላሉ። የአጎታቸው ልጅ «ሁለቱንም አስወጥተሽ ተገላገይ» ብላ መክራት ነበር። አላደረገችውም። አባቷ ሲሞት እጁን ይዞ የነበረውን ወንድሟን፣ ለአባቷ ሕመም ከከፈተችው ግሩፕ በአንድ ጣት ማስወጣት አልሆነላትም። በዚያ ላይ ደክሟት ነበር። ቀን ሙሉ ጩኸት ሰምቶ የመጣ ጆሮ ቤት ሲገባ ዳባ መልበስ ያምረዋል፤ የግሩፑን ድምፅ ዘጋችው።

እንዲህ ባለው ሰሞን ነው የእናታቸው የዓይን ሞራ የሚወጣበት ቀን የደረሰው። እትዬ ጠዋት ወስዳ ክሊኒክ አስገባቻትና ወደ ሥራዋ ሮጠች። አለቃዋ ከዚያ በላይ ፈቃድ አልሰጣትም። ከወንበሯ ሳትነሳ ግሩፑ ላይ ጻፈች፦ «እማዬ ስምንት ሰዓት ላይ ትወጣለች፤ እኔ አልደርስም። ማን ይቀበላታል?» ሁሉም ዓይን ክሊኒኩ ላይ ነው ብላ አሰበች። አንዱ ይሄዳል።

ማንም አልሄደም። ሥራዋን ጨርሳ ስልኳን ስታይ ከማታውቀው ቁጥር ተደጋግሞ ተደውሏል። መልሳ ደወለች።

«የወይዘሮዋ ልጅ ነዎት?» አለች የክሊኒኩ ተረኛ። «ኮሪደር ላይ ተቀምጠዋል። እኛም ልንዘጋ ነው።»

ደርሳ ስታያት እናቷ አንድ ዓይኗ ተሸፍኖ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ይዛ፣ አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሌሎቹ ወንበሮች ባዶ ናቸው። ጽዳቷ ሴት መወልወያውን ግድግዳ ላይ አስደግፋ አጠገቧ ቆማለች።

«ይቅርታ እማዬ። ይቅር በይኝ።»

«ምን ሆንሽ? ደግ ሰዎች ናቸው፤ ውሃ ሰጡኝ» አለች እናት። ቆየት ብላ ግን፣ «ሰው ታሞብናል እንዴ? ማንም ሳይመጣ ሲቀር እንደዚያ መስሎኝ ፈራሁ» አለች።

በታክሲ ሲመለሱ እትዬ ግሩፑን ከፍታ ወደ ላይ ገፋችው። የእሷ መልእክት በመሃል ተቀብሯል። ከበላዩ የመብረቅ ስድብ፣ ከበታቹ የሙሽራው አንደኛ ሁለተኛ። እሷ ማን ይቀበላታል ባለችበት ደቂቃ ሁለቱም እየጻፉ ነበር። ሌሎቹ ዘመዶች ደግሞ ጭቅጭቅ ሰልችቷቸው እንደ እሷው ድምፁን ዘግተው ነበር። ንዴት መጣባት፤ ረጅም ነገር ጽፋ አጠፋችው፣ እንደገና ጽፋ አጠፋችው። በመጨረሻ የተናደደችው በራሷም ጭምር ነበር፤ ደውላ ማረጋገጥ ትችል ነበር።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ለመብረቅ ደወለች። ድምፁ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ሰው ያስተጋባል።

«እትዬ፣ ሊፍት ጣሪያ ላይ ነኝ።»

«እንግዲያው ወርደህ ደውልልኝ።»

ወርዶ ደወለ። የሆነውን ነገረችው።

«መልእክትሽን አላየሁም። በእግዜር አላየሁም።»

«አውቃለሁ። ሙሽራው ምን እንዳለ ግን አየህ?»

«አየሁ እንጂ! ሰውዬው እኮ ደንቆሮ ነው የሚለኝ።»

«ምን አለህ? እሱ ያለውን በራሱ ቃል ንገረኝ።»

«ያው... መንግሥት የሠራውን ሁሉ ይጠላል።»

«እንደዚያ ነው ያለው?»

«እንደዚያ ነው የሚያስበው።»

«ያለውን ነው የጠየቅኩህ» አለች።

የከበዳት ሙሽራው ጋ መሄዱ ነበር። ምክንያቱም በልቧ ከእሱ ጋር ትስማማለች፤ ይህን ደግሞ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ከሥራ ስትወጣ ላቦራቶሪው ጎራ አለች። ናሙና በሚቀበልበት መስኮት በኩል ሲያያት ደንግጦ ወጣ። የእማዬን ነገር ከሚስቱ ሰምቶ ነበርና ፊቱ ቀልቷል። ስለዚያ ይቅርታ ጠየቀ። ቀጥሎ ግን፣

«እኔ እኮ እትዬ፣ አንድ ቀን ተሳድቤ አላውቅም» አለ።

«አትሳደብም። እሱ ምቀኛ ሲልህ ቢያንስ እንደ እኩያው ቆጥሮህ ነው። አንተ ግን እንደ ሕፃን ነው የምታስረዳው። ጥቂት ማንበብ ይጠይቃል ስትለው ሃምሳ ዘመድ ያነበዋል።»

የላስቲክ ጓንቱን ከአንድ እጁ አወለቀ፤ ሌላውን ረሳው። «አንቺ ታዲያ ከማን ወገን ነሽ?»

«ድምፄን የምሰጠው ላንተ ሰዎች ነው።»

ዓይኑ ፈጠጠ።

«ለዚህ ነው እዚህ ድረስ የመጣሁት» አለች ድምፅዋ እየሻከረ። «ከእሱ ወገን ብሆን ለእሱ አድልታ ነው ትለኝ ነበር።»

በዚያ ሳምንት መጨረሻ ሁሉም እማዬ ቤት ተሰበሰቡ። ሙሽራውና መብረቅ ተቃቅፈው ሰላም ተባባሉ፤ ፊት ለፊት ሲገናኙ እንደሆነ ድሮም አይሰዳደቡም። እናት በአንድ ዓይኗ ሁለቱንም አየቻቸውና፣ «አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ» አለች። ሙሽራው ሳያስበው ራሱን ዳሰሰ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሱም ሳቀ። ሳቁ ሳይበርድ እትዬ የሥራ ቦታዋን ሕግ አወጣችባቸው። መከራከር ይቻላል፤ ዝም በሉ አልልም። ግን ማንም መልስ ከመስጠቱ በፊት ሌላው ያለውን መልሶ ይጻፍ፤ የሐሳቡ ባለቤት «አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው» ሳይል መልስ የለም።

መጀመሪያ የሞከረው ሙሽራው ነበር። «ያልከው ፎቅ ከሰው ይበልጣል ነው?» ብሎ ጻፈ። «አይደለም» አለ መብረቅ። «ያልከው የሚፈናቀለው ሰው አይቆጠርም ነው?» «አይደለም አልኩህ እኮ።» በማግስቱ የመጣው ሦስተኛው ጥያቄ አጭር ነበር፦ «እንግዲያው አልገባኝም። ምንድነው ያልከው?»

የመብረቅ መልስ እንደ ወትሮው ነጥብ አልነበረውም። «ግንባታ ቆሞ የነበረ ጊዜ ሥራ አጥቼ ነበር ማንም አያውቅም ጠዋት ጠዋት የመሣሪያ ቦርሳዬን ይዤ እወጣና መናፈሻ ተቀምጬ እውላለሁ ሚስቴም አታውቅም እነዚህ ከሄዱ ያ ጊዜ ይመለሳል ብዬ እፈራለሁ ያልኩት ይህን ነው»።

እትዬ ይህን ያነበበችው በሁለት ደንበኞች መካከል ነው። ቀጣዩን ጥሪ ሳትቀበል ብዙ ቆየች፤ አለቃዋ ከመስታወቱ ማዶ ሰዓቱን አሳያት። ወንድሟ መናፈሻ የተቀመጠበት ዘመን የቱ እንደሆነ ልታስታውስ ሞከረች። በየበዓሉ እየመጣ ይስቅ ነበር፤ ምንም አላየችም።

ሙሽራው በሕጉ መሠረት መለሰ። መብረቅ ያለውን ደገመለት፤ እሱም «አዎ» አለው። ከዚያ ሙሽራው የራሱን ጻፈ፤ ወላጆቹ ከአርባ ዓመት ጎረቤቶቻቸው ተነጥለው ዳር ከተማ ከተወሰዱ ወዲህ አባቱ ከቤት መውጣት እንደተወ። በዚህ ጊዜ አንደኛና ሁለተኛ አልነበረውም።

ማንም ሐሳቡን አልቀየረም። ታርቀው ወንድማማች ሆኑ ማለትም ውሸት ነው። ጥቂት ቆይቶ መብረቅ «ምቀኛ» ብሎ ለጠፈና እሱው አጥፍቶ «ጣቴ ቀደመኝ» ብሎ ጻፈ። ሙሽራው ድሮ የሚጽፈውን ያህል መጻፍ ተወ፤ እትዬ ይህ መልካም ይሁን ቅሬታ አላወቀችም። የአጎታቸው ልጅ ግሩፑ አሰልቺ ሆነ ብላ ወጣች።

የምርጫው ውጤት ሲነገር የመብረቅ ሰዎች አሸነፉ። እትዬ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ግሩፑን ከፈተች። መብረቅ አልፎከረም። ከሙሽራው አንድ መስመር ነበር፦ «እንኳን ደስ አለህ ለማለት ዛሬ አልቻልኩም። ነገ እሞክራለሁ።» ከሥሩ መብረቅ «አትቸኩል» ብሎታል። እንባ እንኳ አልመጣላትም፤ ደክሟት ነበር። እሷም የመረጠቻቸው ተሸንፈዋል፤ ይህን የሚያውቀው ሙሽራው ብቻ ነው።

እማዬ ቤት ስትደርስ አረፍ ብላ ጫማዋን አወለቀች። እናቷ በዳነው ዓይኗ ትክ ብላ አየቻት።

«አንቺስ ልጄ፣ ማንን መረጥሽ?»

«እማዬ፣ ዛሬ ማንም ምንም ባይጠይቀኝ ደስ ይለኛል።»

«እንግዲያው ጋደም በይ» አለች እናቷ፤ ተነሥታም መጋረጃውን ሳበችላት።